የሱፍ ክር በብል እንዳይበላ

ከሹራብ የተረፈ የሱፍ ክር ሣጥን ውስጥ ካላችሁ ይቺን ያዙ። ክር የሚበላው የሚበርረው ብል ሳይሆን ትሉ ነው። የሚበርረው ሥራው እንቁላል መጣል ነው። ስለዚህ አንዱን በጭብጨባ ገድሎ «ተገላገልኩ» ማለት አይቻልም።

ትሉ የሚፈልገው ኬራቲን የሚባለውን የሱፍና የፀጉር ፕሮቲን ነው። ላብ ወይም የምግብ እድፍ ካለበትማ አይጠየቅም! ንጹሕ ጥጥና አክሪሊክ ብዙም አያሳስቡም። በርኖስና ባና ግን የበግ ፀጉር ናቸውና እነሱንም አትርሱ።

በእኔ እምነት ከሁሉም የሚሻለው ማቀዝቀዝ ነው። የደረቀውን ክር ላስቲክ ውስጥ ጨምሩ፣ አየሩን አስወጡና ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩ። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚደርስ ፍሪዘር ውስጥ አንድ ሳምንት ይቆይ። የፍሪጁ ተራ ክፍል አይበቃም። መሀል ላይ መብራት ጠፍቶ በረዶው ከቀለጠ ቀኑን እንደ አዲስ ቁጠሩ። ስታወጡት ቶሎ አትፍቱት፤ ላስቲኩ እንደታሰረ የክፍሉን ሙቀት ይያዝ። አለበለዚያ ክሩ ላይ እርጥበት ይቋጥራል። ከዚያ ክዳኑ ግጥም በሚል ዕቃ አስቀምጡት።

ፍሪዘር የሌለው ሰው ክሩን በየጊዜው ፀሐይ ላይ ያውጣና ደህና አድርጎ ያራግፍ። ትሉ ብርሃን አይወድም፣ እንቁላሉም በማራገፍ ብዛት ይረግፋል። የሣጥኑንም ጥጋጥግ መጥረግ ነው።

ናፍታሊን ይሠራል፤ ግን መርዝ ነው። ከረሜላ ስለሚመስል ሕፃናት ባሉበት ቤት ባይገባ እመርጣለሁ።