ለውጭ አገር ጉዞ ካሜራ ሲመርጡ፦ ከችግሩ ምልክት እስከ መፍትሄው

ለዕረፍት ወደ ውጭ አገር የሚሄዱ ሰዎች ስለ ካሜራ የሚያማክሩኝ ሁለት ጊዜ ነው። አንድም ሊበርሩ ሦስት ቀን ሲቀራቸው፣ አንድም ከተመለሱ በኋላ። ሁለተኛው ያሳዝነኛል፤ የጠፋውን ፎቶ መመለስ አይቻልምና። ብልሽቱ የታየው ዱባይ ወይም ኢየሩሳሌም ቢሆንም መነሻው ብዙ ጊዜ እዚሁ አዲስ አበባ፣ ሻንጣው የታሰረበት ሌሊት ነው። ስለዚህ የምሰማቸውን ስሞታዎች ይዤ ወደ ምክንያታቸው፣ ከዚያም ወደ መፍትሄያቸው ልሂድ።

«ካሜራውን ሆቴል ትቼ በስልኬ አነሳሁ»

ከሁሉም የሚበዛው ይህ ነው። በመጀመሪያው ቀን ካሜራው አንገት ላይ ይውላል፣ በሁለተኛው ቀን ከሻንጣ አይወጣም፣ በሦስተኛው ቀን ሆቴል ይቀራል። ሰዎች ስንፍናቸውን ይወቅሳሉ። ስንፍና ግን አይደለም፣ ክብደት ነው። እስቲ እንደምረው። የካሜራው አካል 700 ግራም፣ ብርሃን በደንብ የሚያስገባው ከ24 እስከ 70 ሚሊ ሜትር ሌንስ (ቁጥሩ ሲያንስ እይታው ይሰፋል፣ ሲበዛ ሩቁን ያቀርባል) 850 ግራም ገደማ፣ ከ70 እስከ 200 የሆነው ትልቁ ሌንስ አንድ ኪሎ ተኩል፣ ባለሦስት እግሩ ማቆሚያ አንድ ኪሎ ተኩል፣ ባዶው የካሜራ ቦርሳ ሌላ አንድ ኪሎ ተኩል። ቻርጀርና ባትሪ ሳይጨመር 6 ኪሎ አለፈ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በኢኮኖሚ ክፍል የሚፈቅደው የእጅ ሻንጣ 7 ኪሎ ነው። ለሹራብና ለመድኃኒት ምን ተረፈ?

መፍትሄውን በእግርዎ ያገኙታል። መኪና በማይበዛበት እሑድ ጠዋት ልትወስዱት ያሰባችሁትን ዕቃ በሙሉ ተሸክማችሁ ለገሐር፣ ይሁዳ አንበሳ ሐውልት ዘንድ ውረዱ። ከዚያ በብሔራዊ ቴአትርና በዋናው ፖስታ ቤት በኩል የቸርችልን ጎዳና ዳገት ይዛችሁ እስከ አራዳ ጊዮርጊስ ውጡ። ዝም ብላችሁ አትሂዱ፣ እንደ ቱሪስት እያነሳችሁ ውጡ። ቴዎድሮስ አደባባይ ቆማችሁ የሴባስቶፖልን አምሳያ ከሩቅም ከቅርብም አንሱ። ምኒልክ ሐውልት ስትደርሱ ቦርሳውን ክፈቱና አንድ ጊዜ እንኳ ያልወጣውን ዕቃ ለዩት። እሱ ቤት ይቀራል። ሌንሱ ስንት እንደተገዛ ማሰብ እዚህ ላይ አያስፈልግም፤ ትከሻዎ ዋጋውን አያውቅም።

ይህን ፈተና ካለፉ ሰዎች ሻንጣ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚተርፈው አንድ ካሜራ፣ አንድ የሚያጎላና የሚያሰፋ መደበኛ ሌንስ፣ አንድ ትንሽ ብሩህ (ብዙ ብርሃን የሚያስገባ) ሌንስ ነው። ትንሹን ሲመርጡ የካሜራዎን ሴንሰር (ብርሃን ተቀብሎ ፎቶውን የሚሠራውን ክፍል) መጠን ይወቁ። ሴንሰሩ አነስተኛ በሆነ ካሜራ ላይ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ እይታውን እንደ 75 ያህል ያጠብባል፣ በጠባብ ክፍልም ወደ ኋላ ለመራቅ ግድግዳው ይከለክልዎታል። ለእንዲህ ያለው ካሜራ 35 ይሻላል። ማሳይ ማራ አንበሳ ሊያነሳ የሚሄድ ሰው ግን ምክሬን ይገልብጠው። ለእሱ 300 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነው ሌንስ ይሂድና ሌላው ይቅር።

«ውስጥ ያነሳሁት ሁሉ ደብዛዛ ነው»

አንዲት እናት ለትንሣኤ ኢየሩሳሌምን ተሳልመው ሲመለሱ የልጃቸውን ካሜራ ይዘውልኝ መጡ። «ልጄ፣ ሻማው ብቻ ነው የወጣልኝ» አሉኝ። በጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ፣ ዴር ሱልጣን ያነሱት ፎቶ እጅግ ያምራል። ከጣሪያው ወርደው ወደ ጨለማው ቤተ መቅደስ ሲገቡ ግን ሁሉም ነገር ቀለጠ። ከጠራራ ፀሐይ ወደ ሻማ ብርሃን በጥቂት ደረጃዎች ነው የሚገባው፣ ካሜራው ግን በውጭው ብርሃን እንደተስተካከለ ነበር።

ፎቶው ሲደበዝዝ መጀመሪያ የድብዘዛውን ዓይነት ይለዩ። ሁሉም ነገር፣ ግድግዳው ሳይቀር፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ከተጎተተ እጅዎ ተንቀሳቅሷል። ግድግዳው ጠርቶ ሰዎቹ ብቻ ከተጎተቱ ሻተሩ (ተከፍቶ ብርሃን የሚያስገባው የካሜራው መዝጊያ) ለእነሱ እንቅስቃሴ ዘግይቷል። ከኋላ ያለው ጠርቶ ፊቱ ብቻ ከደበዘዘ ትኩረቱ ስቷል። የእኒያ እናት ፎቶዎች የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን አጣምረው ነበር።

ሌላው ምክንያት ሌንሱ ነው። ከካሜራው ጋር አብሮ የሚሸጠው ከ18 እስከ 55 የሆነ ሌንስ ሲጎላ የሚከፈተው እስከ ኤፍ 5.6 ብቻ ነው (የኤፍ ቁጥር ባነሰ መጠን ሌንሱ ሰፋ ብሎ ይከፈታል)። ኤፍ 1.8 የሆነ ትንሽ ሌንስ ከዚያ አሥር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል፣ ክብደቱም ብዙውን ጊዜ ከ200 ግራም አይበልጥም። ለጉዞ ገንዘብ የምታወጡበት አንድ ዕቃ ብቻ ቢኖር ይህ ይሁን። ቀጥሎ ካሜራው አይ ኤስ ኦውን (ለብርሃን ያለውን ስሜት ልክ) ራሱ እንዲመርጥ አድርጉና ጣሪያውን 6400፣ ዝቅተኛውን የሻተር ፍጥነት 1/125 ሰከንድ ላይ ወስኑለት። ጥቂት ነጠብጣብ ያለበት ጥርት ያለ ፊት ከለሰለሰ ግን ከተጎተተ ፊት ይሻላል።

ልምምዱን አራት ኪሎ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ማድረግ ይቻላል፤ ቅዳሴ በሌለበት ሰዓት፣ ፈቃድ ጠይቃችሁ። ባለቀለም የመስታወት መስኮቶቹ ደማቅ፣ ውስጡ ግን ደብዛዛ ስለሆነ ካሜራውን በእውነት ይፈትነዋል። ለመስኮቱ ሲስተካከል ግድግዳው ይጠቁራል፣ ለግድግዳው ሲስተካከል መስኮቱ ይነጣል። ይህን እዚህ ያየ ሰው እዚያ አይደነግጥም። ባለሦስት እግር ማቆሚያ እንደሆነ ብዙ ቤተ መዘክሮችና ቤተ እምነቶች አያስገቡትም፣ እኔ ይዤው መሄድ ትቻለሁ።

«ቪዲዮው ላይ ጥቁር መስመሮች ይሄዳሉ»

ይህ ከሪያድ፣ ከዋሽንግተንና ከሴኡል የሚመጣ ስሞታ ነው። የእኛ አገር ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። በሳዑዲ ዓረቢያ፣ በአሜሪካ፣ በካናዳና በደቡብ ኮሪያ 60 ነው። ቤት ውስጥ ያለው መብራት ከዚህ ጋር አብሮ ይርገበገባል፣ ዓይን አያየውም፣ ካሜራ ግን ያያል። ለአዲስ አበባ የሚስማማው የ1/50 ሰከንድ የሻተር ፍጥነት እዚያ ሲደርስ መስመር ያወጣል። ወደ 1/60 ወይም ወደ 1/125 ይቀይሩት፣ ካሜራዎ ምርጫ ካለውም ከፓል (ለ50 ከተሠራው የቪዲዮ ስልት) ወደ ኤንቲኤስሲ (ለ60 ወደተሠራው) ያዙሩት። ዱባይ፣ ኢስታንቡልና ናይሮቢ እንደ እኛው 50 ስለሆኑ ምንም አይነካም።

«ባትሪው አለቀ»፣ «ባትሪውን ፍተሻ ላይ ያዙብኝ»

ትርፍ የሊቲየም ባትሪና ፓወር ባንክ ወደ ጭነት ክፍል በሚገባ ሻንጣ ውስጥ አይገቡም፣ ከእርስዎ ጋር ወደ መቀመጫው ይወጣሉ። መለኪያው ዋት ሰዓት ነው። እስከ 100 ድረስ በአጠቃላይ ይፈቀዳል፣ ከ100 እስከ 160 ላለው የአየር መንገዱ ፈቃድ ይጠየቃል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ቮልቱን በአምፒር ሰዓት ያባዙ። 7.2 ቮልትና 2.28 አምፒር ሰዓት ያለው የካሜራ ባትሪ 16.4 ይሆናል፣ ስለዚህ ያለ ሐሳብ ያልፋል። 20,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት የሆነው ፓወር ባንክ በ3.7 ቮልት 74 ነው። ጽሑፉ የተፋቀበት ፓወር ባንክ ግን አቅሙን ማረጋገጥ ስለማይቻል ሊወሰድብዎት ይችላል።

አንድ ጊዜ ከአንድ መደብር ሁለት ርካሽ ባትሪ ገዝቼ ሳልፈትናቸው ኢስታንቡል ሄድኩ። በሁለተኛው ቀን አንዱ አብጦ ከካሜራው አልወጣ አለ። ቀሪውን ጉዞ ቦስፎረስን በዓይኔ ብቻ አየሁት። ከዚያ ወዲህ አዲስ ባትሪ ሁሉ ከጉዞው አንድ ሳምንት በፊት ሞልቶ፣ እስኪያልቅ ተነስቶበት፣ እንደገና ሞልቶ ነው ሻንጣ የሚገባው።

ስለ ሶኬት፦ ኬንያ፣ ዱባይና ለንደን ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ፣ አሜሪካ ሁለት ቀጫጭን ጠፍጣፋ ነው የሚጠቀሙት። ቻርጀሩ ጀርባ ላይ «100-240 ቮልት» የሚል ካለ አስማሚ ሶኬት ብቻ ይበቃል፣ የኃይል መለወጫ አያስፈልግም።

«የካሜራውና የስልኩ ፎቶዎች ተደበላለቁ»

ምሳ ከቁርስ ይቀድማል፣ ጀምበር ስትጠልቅ የተነሳው ከእኩለ ቀን በፊት ይገባል። ይህ በተለይ የእኛን ሰው የሚገጥም ችግር ነው። ካሜራው ሲገዛ ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ተሞልቷል፦ ጠዋት ሦስት ሰዓት «3:00» ተብሎ። ስልኩ ያንኑ ሰዓት 9:00 ይለዋል። ልዩነቱ 6 ሰዓት ስለሆነ ከጉዞ በኋላም ኮምፒውተር ላይ የሁሉንም ፎቶ ሰዓት በአንድ ጊዜ 6 ማስጨመር ይቻላል (የሄዱበት አገር ሰዓት ከአዲስ አበባ የሚለይ ከሆነ ያንንም ልዩነት ያስቡ)። ቀኑም ዓመቱም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተሞልቶ ከሆነ ግን ጣጣው ይበዛል። አውሮፕላኑ ካረፈ በኋላ ካሜራውን ከስልኩ ጋር ማስተያየት አንድ ደቂቃ ይፈጃል።

«ሌንሱ ጭጋግ ለበሰ»

ዛንዚባርና ዱባይ። ቀዝቃዛ ከሆነው የሆቴል ክፍል ወደ ሞቃትና እርጥብ አየር ሲወጣ ነው። ካሜራውን ክፍሉ ውስጥ ሳሉ በፕላስቲክ ከረጢት አፉን አስራችሁ ይዛችሁ ውጡ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ይሙቅ። ጭጋጉ ከመጣ ደግሞ ሌንሱን አትንቀሉ፣ እርጥበቱ ወደ ውስጥ ይገባል።

«ስመለስ ዕቃው የራሴ መሆኑን ማስረዳት ከበደኝ»

አዲስ የሚመስል ካሜራ ይዞ ለሚወጣ ሰው ይህ ሊገጥም ይችላል። ደረሰኙንና ከካሜራው ሥር ያለውን መለያ ቁጥር በስልክዎ ፎቶ አንስተው ያስቀምጡ፣ ብዙ ዕቃ ከያዙም ሲወጡ ቦሌ ላይ ጉምሩክን ጠይቀው ያስመዝግቡ። ድሮን ለመውሰድ ያሰቡ ከሆነ የሚሄዱበትን አገር ሕግ ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት ያንብቡ፤ ሞሮኮና ግብፅን የመሰሉ አገሮች ለጎብኚ አይፈቅዱም፣ ገና ኤርፖርት ላይ ይያዛል።