ሥራ ሲጠፋ ቀኑ እንዳይፈርስ

ለ19 ዓመታት የማተሚያ ማሽን ሠራተኛ ነበርኩ። ድርጅቱ ሊዘጋ መሆኑን ስሰማ ስለ ገንዘቡ ተጨነቅሁ፤ ስለ ቀናቱ ግን አላሰብኩም። በሁለተኛው ወር ማክሰኞን ከሐሙስ መለየት አቃተኝ። የመኝታ ቤታችን የግድግዳ ሰዓት ባትሪው አልቆ አራት ሰዓት ከሃያ ላይ ቆመ፤ አልጋዬ ላይ ሆኜ በየቀኑ እያየሁት ሦስት ወር ሳልነካው ቆየሁ።

ይህን የምጽፈው ሥራ አጥቶ መንፈሱ እየወደቀ ላለ ሰውና አብሮት ለሚኖር ቤተሰብ ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ ሐኪም ዘንድ መሄድ የሚገባው መቼ እንደሆነም እናገራለሁ።

በአማርኛ ኢኮኖሚ ሲወድቅ ድቀት፣ መንፈስ ሲወድቅ ድባቴ እንላለን። እንግሊዝኛ ለሁለቱም «ዲፕሬሽን» የሚል አንድ ቃል አለው። ሁለቱ እንዴት እንደሚተሳሰሩ የገባኝ ስለ ማሪየንታል ሳነብ ነው። ማሪየንታል በቪየና አቅራቢያ የምትገኝ የኦስትሪያ መንደር ናት፤ ኑሮዋ የቆመው በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1929 በጀመረው ታላቅ የኢኮኖሚ ድቀት ፋብሪካው ተዘጋና መንደሩ በሙሉ ማለት ይቻላል ሥራ ፈታ። ተመራማሪዎቹ ማሪ ያሆዳ፣ ፖል ላዛርስፌልድና ሃንስ ዛይዝል ከባልደረቦቻቸው ጋር የሰዎቹን ኑሮ አጥንተው በ1933 አሳተሙ። ጊዜ የተረፈው ሰው አብዝቶ ያነባል ብላችሁ ትገምቱ ይሆናል፤ በማሪየንታል የቤተ መጻሕፍቱ ክፍያ ተነሥቶ እንኳ ሰዎች የሚዋሱት መጽሐፍ በሁለት ዓመት ውስጥ በግማሽ ያህል ቀነሰ። ወንዶቹ መንገድ ላይ ዝግ ብለው ይሄዱና በየመሐሉ ይቆሙ ነበር፤ አብዛኞቹም ሰዓት ማሰር ትተው ነበር። የቤቱ ሥራ የሚጠብቃቸው ሴቶች ግን ፈጠን ብለው ይራመዱ ነበር። አንዱ ሰው ቀኑን በየሰዓቱ እንዲመዘግብ ተጠይቆ ለጠዋቱ ሰዓታት የጻፈው «እስከዚያው እኩለ ቀን ይሆናል» የሚል ነበር። ያችን ዐረፍተ ነገር ሳነብ ቀና ብዬ የቆመውን ሰዓት አየሁ።

እናንተም ከምዝገባው ጀምሩ። ሦስት ቀን ይበቃል። በየሁለት ሰዓቱ ያደረጋችሁትን በደብተር ጻፉ፤ ከጎኑ ስሜታችሁን ከ0 እስከ 10 በቁጥር አስቀምጡ። ለማሳመር አትሞክሩ፤ ማንም አያየውም። የእኔ የመጀመሪያ ገጽ «ተኛሁ፤ ስልክ አየሁ፤ ተኛሁ» ይላል፤ ቁጥሮቹም 2፣ 2፣ 1 ናቸው። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ግን አንድ 4 አለ። የጎረቤት ልጅ የብስክሌቷ ሰንሰለት ወልቆባት ያስተካከልኩላት ሰዓት ነው። ባልጽፋት ኖሮ ቀኑን ሙሉ ምንም ደግ ነገር አልነበረም ብዬ እምል ነበር። ድባቴ ክፉውን እያጎላ ደጉን ያስረሳልና ትውስታችሁን አትመኑ፤ ደብተሩን እመኑ።

ከዚያ ሁለት ሰዓቶችን ትከሉ፤ ከአልጋ የምትነሡበትንና ከቤት የምትወጡበትን። እኔ ከጠዋቱ አንድ ሰዓትና ሦስት ሰዓት አልኩ። ሌላው ቀን ቢበላሽ ይበላሽ፤ እነዚህ ሁለቱ ግን እንቅልፍ ባይወስዳችሁም፣ እሑድም ቢሆን አይነኩ። ፍላጎቱ እስኪመጣ አትጠብቁ፤ እኔ ጠብቄ ሦስት ወር አልፏል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ፒተር ሌዊንሰን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እንዳስረዳው፣ ያዘነ ሰው እንቅስቃሴውን ሲቀንስ ደስ የሚያሰኘው ነገርም ይቀንሳል፤ ያ ደግሞ ኀዘኑን ያጠልቀዋል። ይህን ዙር ለመስበር የሚቀለው በድርጊት በኩል መግባት ነው። ድርጊቱ ደግሞ ትንሽ ይሁን። በመጀመሪያው ሳምንት «ጫማ ማሰር» ራሱን የቻለ ሥራ አድርጌ ጽፌ ነበር፤ ስፈጽመው ምልክት አደርግበታለሁ። የመጀመሪያው መውጫዬ ዐሥር ደቂቃ ብቻ ነበር። ቀን ካመለጣችሁ በማግስቱ እጥፍ አድርጋችሁ ለመካስ አትሞክሩ፤ ከሁለቱ ሰዓቶች ብቻ ቀጥሉ።

ገንዘቡን በሳምንት አንድ ሰዓት ብቻ ስጡት፤ ቀኑ የታወቀ ይሁን፣ አብሯችሁም ሰው ይቀመጥ። በመሳቢያዬ ውስጥ ያልተከፈቱ 11 ፖስታዎች ነበሩኝ። ባለቤቴ እየከፈተች ታነባለች፣ እኔ እጽፋለሁ፤ ከሁለቱ አንዱን ብቻዬን ማድረግ አልችልም ነበር። ካልተከፈሉ ቤት ወይም መብራት የሚያሳጡትን በአንድ ወገን፣ ቀነ ገደባቸው ሊራዘም የሚችሉትን በሌላ ወገን አደረግናቸው። አበዳሪው ሳይደውል ቀድማችሁ ደውሉ፤ ቀድሞ የሚናገር ሰው መደራደሪያ ይኖረዋል። የገንዘብ ሐሳብ ሌሊት ሲመጣ ወረቀት ላይ አስፍሩትና ለዚያች ሰዓት ቅጠሩት።

ያሆዳ ከዓመታት በኋላ ሥራ ከደመወዙ ሌላ አምስት ነገሮች እንደሚሰጥ ጽፋለች፤ የጊዜ ሥርዓት፣ ከቤተሰብ ውጪ ያለ ግንኙነት፣ የጋራ ዓላማ፣ በሰው ዘንድ ያለ ቦታና የዘወትር እንቅስቃሴ። ይህን ዝርዝር ይዤ የጎደለኝን ፈለግሁ። በሳምንት ሁለት ቀን በአንድ ቤተ መጻሕፍት የተቀደዱ መጻሕፍትን በነጻ መጠገን ጀመርኩ። እጄ ወረቀት ያውቃል፤ በሦስት ሰዓትም የሚጠብቀኝ ሰው ነበር። መጀመሪያ ግን ሥራ ማጣቴን አፍ አውጥቼ መናገር ነበረብኝ፤ ለወራት ስደብቀው ነበር። አጭር አድርጋችሁ ተናገሩት፦ «ሥራዬን አጥቻለሁ፣ መንፈሴም ተጎድቷል፤ ሐሙስ አብረኸኝ ብትሄድ ደስ ይለኛል።» ቀን የተቀጠረበት ልመና መልስ ያገኛል።

ቤተሰብ ደግሞ «በርታ»፣ «ከአንተ የባሰ አለ» አይበል። እነዚህ ቃላት የሚናገራቸውን ሰው ያሳርፉ ይሆናል፤ እኔን ግን ይበልጥ ወደ ግድግዳው አዞሩኝ። ባለቤቴ አንድ ቀን «ሦስት ሰዓት ላይ እወጣለሁ፤ በሩ ጋ እጠብቅሃለሁ» አለችኝ። ቆማ ጠበቀችኝ፤ ወጣሁ።

ይህ ሁሉ የማይበቃበት ጊዜ አለ። ኀዘኑ ወይም የፍላጎት ማጣቱ ከሁለት ሳምንት በላይ በየቀኑ ማለት ይቻላል ከቆየ፣ እንቅልፍ፣ የምግብ ፍላጎት፣ ትኩረት ከተበላሸ፣ ራስን ከንቱ አድርጎ ማየት ከመጣ፣ ወደ ሐኪም ሂዱ። ሐኪሙ ስላለፉት ሁለት ሳምንታት 9 ጥያቄ ያለበት ቅጽ ሊሰጣችሁ ይችላል፤ የመጨረሻው ስለ መሞት ሐሳብ ይጠይቃል፣ እውነቱን መልሱ። ደብተሩንም ይዛችሁ ሂዱ፤ እኔ መናገር ሲያቅተኝ ገጾቹን አሳየሁ። መድኃኒት ከታዘዘላችሁ ለውጡ የሚታየው ብዙ ጊዜ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ነው፤ በራሳችሁ ፈቃድ አታቋርጡት። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ካለ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ብቻችሁን አትሁኑ፣ በዚያው ሰዓት ለቅርብ ሰው ተናገሩ፣ ጉዳት ሊያደርስ የሚችለውን ነገር ሁሉ ከቤት አስወጡ፣ ወደ ድንገተኛ ሕክምና ሂዱ። አብራችሁ የምትኖሩም በግልጽ ጠይቁ፤ መጠየቅ ሐሳቡን በሰው ልብ ውስጥ አይዘራም።

ሥራ ያገኘሁት ከ14 ወር በኋላ ነው። በመጀመሪያው ወር ስሜቴ በደብተሩ ላይ ከ5 አልዘለለም፤ ደስ ሊለኝ ሲገባ ምን ነካኝ ብዬ ደነገጥኩ። ሐኪሜ ያዘዘልኝን መድኃኒት እንድቀጥል ነገረኝ። እናንተም ሥራ ስታገኙ ደብተሩን ቢያንስ ለጥቂት ወራት አትዝጉት፤ ሁለቱን ሰዓቶችም በዕረፍት ቀን ጠብቋቸው።