ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ስንት ሰዓት ነው? ሲሰላ የሚሠሩ ስህተቶች

ብዙ የሚያስከፍለው ስህተት የርቀት ሳይሆን የቀን ነው። እህቴ ትኬቷ ላይ «ዓርብ 00:30» የሚል አይታ፣ በርበሬና ሽሮዋን አስመዝና፣ ዘመድ አዝማዱን ተሰናብታ ዓርብ ማታ ቦሌ ደረሰች። በር ላይ የቆመው ጠባቂ ወረቀቱን አገላብጦ አየና «እናቴ፣ ይሄ እኮ ትናንት ሌሊት ሄዷል» አላት። በእኛ አነጋገር ያ በረራ ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 6፡30 ነው። ትኬት ቀን የሚቀይረው እኩለ ሌሊት ላይ ስለሆነ፣ ሰዓቱ በ00 ወይም በ01 ከጀመረ ከቤት የሚወጡት በዋዜማው ምሽት ነው።

ሌላው የመነሻውን ሰዓት ከመድረሻው ላይ ቀንሶ «9 ሰዓት ተኩል ብቻ ነው» ማለት ነው። ለምሳሌ ከቦሌ በ22:30 ተነስቶ በማግስቱ 08:00 የሚያርፍ አውሮፕላን እንደዚያ ይመስላል። ሁለቱም ግን የየአገሩ ሰዓት ነው። ዋሽንግተን 7 ሰዓት ወደ ኋላ ስለምትቀር መንገዱ 16 ሰዓት ተኩል ነው። ልዩነቱም ዓመቱን ሙሉ አንድ አይደለም፤ አሜሪካኖቹ ሰዓታቸውን ስለሚያዛውሩ በእኛ ከመጋቢት መጀመሪያ ገደማ እስከ ጥቅምት ማብቂያ ገደማ 7፣ በቀረው ጊዜ 8 ሰዓት ይሆናል።

«በ16 ሰዓት ከሄድኩ በ16 ሰዓት እመለሳለሁ» የሚልም አለ። ርቀቱ ያው 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መመለሻው ግን 13 ሰዓት አካባቢ ይፈጃል። አንዱ ምክንያት ነፋስ ነው፤ ከፍ ብሎ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ ሲመለሱ ከኋላ ይገፋል፣ ሲሄዱ ፊት ለፊት ይገጥማል። ትልቁ ምክንያት ቦሌ ራሱ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩም ክንፉም ጉልበት ያንሳቸዋል፤ ሰውና ጭነት ሞልቶ እስከ አሜሪካ የሚያደርስ ነዳጅ ተሸክሞ መነሳት ይከብዳል። ስለዚህ መንገድ ላይ አርፎ ይቀዳል፤ ለዓመታት ደብሊን ያርፍ እንደነበረው ማለት ነው። የዋሽንግተኑ ደለስ አየር ማረፊያ ከፍታው 100 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ከዚያ ነዳጁን ጢም አድርጎ ይነሳና በቀጥታ ቦሌ ይደርሳል።

ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ካርታ መስመር አስምሮ «ለምን በአውሮፓ ይዞራል?» ማለትም ስህተት ነው። ምድር ክብ ስለሆነች አጭሩ መንገድ ወደ ሰሜን የሚለጠጠው ነው። ሉል ላይ ክር ወጥረው ይዩት።

ማይልና ኪሎ ሜትርንም አያደባልቁ፤ 7,150 ማይል ሲባል ያው 11,500 ኪሎ ሜትሩ ነው።

ለሚቀበልዎት ሰው ደግሞ የመድረሻውን ሰዓት እንደተጻፈ ይንገሩት፤ የአገሩ ሰዓት ስለሆነ አይደመርበትም፣ አይቀነስበትም። ከወረዱ በኋላ የኢሚግሬሽን ሰልፍና የሻንጣ ጥበቃ ስላለ ግን ከሰዓቱ ቀድሞ መጥቶ ባይንገላታ ይሻለዋል።