ለሻላ ጉዞ ተጨማሪ ውሃ የያዝኩበት መንገድ

ከሐዋሳ ተነስተን ሻላ ሐይቅ ዳር ሦስት ቀን ለማደር ስናቅድ፣ የሐይቁ ውሃ ጨዋማና ሶዳ የበዛበት በመሆኑ ለመጠጥም ሆነ ለማብሰያ የሚያስፈልገንን ሁሉ ይዘን መሄድ ነበረብን፤ እንደ መኝታ ቤት ያሰናዳሁት ሚኒባስ ታንከር ግን 40 ሊትር ብቻ ይይዛል። በመጀመሪያው ጉዞ አራት ባለ 20 ሊትር ጀሪካኖችን ጣሪያ ላይ ስጭን፣ 80 ኪሎ ከላይ በመሆኑ መኪናው በየመታጠፊያው ያዘነብል ነበር። አሁን ከፊትና ከኋላ ጎማዎች መካከል ወለሉ ላይ አስቀምጬ በሰፊ ማሰሪያ አጥብቄያቸዋለሁ፤ እስከ አፋቸው ስለምሞላቸውም ውሃው አይንቦጫረቅም።

ብዙ ያደከመኝ ፓምፑ ነው። ባለ 12 ቮልቱ ፓምፕ መሳብ እንደጀመረ የጀሪካኑ ጎን ወደ ውስጥ ይሰረጉድና ውሃው እየተቆራረጠ ይቆም ነበር። ምክንያቱን ያወቅሁት ክዳኑን ስፈታ አየር እያፏጨ ሲገባና ጎኑ ጓ ብሎ ሲመለስ ነው፤ ቱቦውን ያሳለፍኩበት ክዳን አየር አያስገባም ነበር። ስለዚህ በክዳኑ ላይ ሁለተኛ ቀዳዳ በስቼ ቀጭን ቱቦ አስገባሁ፣ አቧራ እንዳይገባም ጫፉን ወደ ታች ቀልብሼ በንጹህ ስስ ጨርቅ ሸፈንኩት። ይህን ክዳን የምገጥመው መኪናው ከቆመ በኋላ፣ ውሃ በሚቀዳበት ጀሪካን ላይ ብቻ ነው፤ በጉዞ ላይ ሁሉም ባልተበሳው ክዳናቸው ይዘጋሉ።