ፒክ ላይኑን ከመንቀላችን በፊት

ጅማ ውስጥ ነርስ ነኝ። ፒክ ላይን የያዘ ሕመምተኛ በየቀኑ አይገጥመንም። የለመድነው እጅ ላይ የምትሰካዋን ካኑላ ነው። ፒክ ላይን ግን ከክርን በላይ ባለ ደም ሥር የሚገባ ረጅም ቀጭን ቱቦ ነው። በብብት በኩል አልፎ ጫፉ ልብ ደጃፍ ላይ ካለው ትልቅ ደም መላሽ ይደርሳል። ለኬሞ ወይም ረጅም ጊዜ ለሚሰጥ አንቲባዮቲክ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይቆያል። ብዙ ስለማናየው ያስፈራናል። ስንፈራ ደግሞ እንቸኩላለን። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች በሙሉ የችኮላ ልጆች ናቸው።

የመጀመሪያው «ቆይቷል፣ ይቀየር» የሚለው ነው። ካኑላን በየሦስት በየአራት ቀኑ እየቀየርን ስለኖርን ፒኩንም በቀን መቁጠሪያ እናየዋለን። አይሆንም። በደንብ እየሠራ፣ ቆዳው ጤነኛ ሆኖ፣ ሕክምናው ካላለቀ አይነካም። የሚቀየረው ሲሰነጠቅ፣ ጀርም ገብቶበት ሲመረዝ፣ ጫፉ ከቦታው ሲሸሽ ወይም ተዘግቶ አልከፈት ሲል ነው። ሕክምናው ካለቀ ደግሞ ይወጣል እንጂ በሌላ አይተካም።

ሁለተኛውን እኔም ሠርቼዋለሁ። ጀማሪ እያለሁ ቱቦውን የምናጥብበት የጨው ውሃ፣ ሳላይኑ፣ አልገባ አለኝ። ትንሿን ሲሪንጅ አንስቼ በአውራ ጣቴ ገፋሁ። ቱቦው ከቆዳው ውጭ ባለው በኩል እንደ ፊኛ ትንሽ አበጠ፤ ከዚያ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ሲሪንጅ ባነሰ ቁጥር የሚፈጥረው ግፊት ይበረታል፤ ብዙዎቻችን ተቃራኒው ይመስለናል። ስለዚህ 10 ሚሊ ሊትር ወይም ከዚያ የሚበልጥ ነው የሚያዘው። ገፋ፣ ቆም፣ ገፋ፣ ቆም እያሉ ያጥባሉ። እንቢ ካለ መጀመሪያ ፕላስተሩን ገለጥ አድርጉና ቱቦው ተጣጥፎ እንደሆነ እዩ። መቆለፊያው መከፈቱንም እዩ። ሕመምተኛው ክንዱን ከፍ ያድርግ፣ ይሳል። አሁንም ካልሆነ ለሐኪሙ ንገሩ፤ የረጋ ደም የሚያሟሟ መድኃኒት አለ። እኔ ግን ያን ቀን ፕላስተሩ ሥር የነበረችውን እጥፋት ሳላይ ደህናውን ቱቦ ገደልኩት።

ትኩሳት ሲመጣ ወዲያው መንቀልም አለ። በጅማ ዙሪያ ወባ እንዳለ እየታወቀ ትኩሳቱን ሁሉ በቱቦው ማላከክ ምን ይባላል? ከአንቲባዮቲኩ በፊት ደም ለካልቸር (ጀርም ለሚፈለግበት ምርመራ) ከቱቦውም ከሌላው ክንድም በተመሳሳይ ሰዓት ይቀዳ፤ ወባውም ይታይ። የተመረዘው በእርግጥ ቱቦው ከሆነ ደግሞ ተቃራኒው ስህተት ይመጣል፦ በአሮጌው ቱቦ ውስጥ ሽቦ አሳልፎ በዚያው ቀዳዳ አዲስ ማስገባት። ጀርሙ አዲሱን ቱቦ እዚያው ይጠብቀዋል።

ክንድ ሲያብጥና ሲያም ወደ ወጌሻ የሚሮጥ ቤተሰብ አይቻለሁ። እባካችሁ አትሹት! ውስጡ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል። ከክርን 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብላችሁ በሜትር ለኩና ቱቦው ሲገባ ከተጻፈው ጋር አስተያዩ። አልትራሳውንድ ይታዘዝ። ደም ረጋ ማለትም የግድ ይነቀል ማለት አይደለም፤ ቱቦው እየሠራና እያስፈለገ ከሆነ ከደም ማቅጠኛ ጋር ሊቆይ ይችላል።

አሁን ወደ መንቀሉ። ከአጋሮ የመጡ አንድ አባት ነበሩ፤ ቱቧቸው ተሰንጥቆ ሊቀየር ነው። ወንበር ላይ ተቀምጠው ክንዳቸውን ዘረጉልኝ።

«አባባ፣ አልጋው ላይ ጋደም ይበሉ።»

«ለዚህች ክር ብለሽ ታስተኚኛለሽ ልጄ?»

አዎ። ተቀምጠው ሳለ ቢወጣ አየር በቀዳዳው ወደ ደም ሥር ሊሳብ ይችላል፤ ያ ደግሞ ሊገድል ይችላል። አስተኛኋቸው። ትንፋሽ መያዙን ልጃቸው በኦሮምኛ እያስረዳቻቸው ሁለት ጊዜ ተለማመድን። ከዚያ ቆዳው አጠገብ ይዤ በትንሽ በትንሹ ሳብኩ። ግማሽ ላይ ያዘ። እዚህ ጋ የሚጎትት ሰው ቱቦውን ይበጥሳል። ደም ሥሩ ተኮማትሮ ነው፤ ሙቅ ጨርቅ አድርጌ ቁጭ አልኩ። ሃያ ደቂቃ ቆይቶ ራሱ ለቀቀ። ቀዳዳውን በጎዝ አምስት ደቂቃ ተጫንኩና በቫዝሊን ጎዝ ዘጋሁት፤ እስከ ነገ አይከፈትም። (ቤት ሄዶ ደም ሲታይ ቡና መነስነስ ይቅር። ቡናው ለጀበና ነው።) የወጣውን ቱቦ ሜትር ላይ ዘረጋሁት። ሲገባ ርዝመቱ የተጻፈበት ካርድ 42 ሳንቲ ሜትር ይላል፤ ቱቦውም 42። አንድ ሳንቲ ሜትር ቢጎድል ሐኪም ተጠርቶ ፍለጋ ይጀመር ነበር።

አዲሱ የት ይግባ የሚለውም በችኮላ አይወሰንም። ጡቷ በቀዶ ሕክምና የወጣ ሴት በዚያ በኩል አይደረግላትም። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ነገ ለዲያሊሲስ (ለኩላሊት እጥበት) የሚፈልገውን ደም ሥር ዛሬ አታበላሹበት፤ ሌላ አማራጭ ይፈለግለት። የተለጠፈው ግልጽ ፕላስተር በሰባት ቀን ይቀየራል፣ በጎዝ ከሆነ በሁለት ቀን። የጅማ ዝናብ ካራሰው ግን ቀን አይጠበቅም፤ ዛሬውኑ።

ለአባባ ሐኪሙ በአልትራሳውንድ እያየ በሌላው ክንድ አስገባላቸው። ደም ጥሩ ይመለሳል፣ ሳላይኑም ይገባል። መድኃኒቱ ተሰቅሏል። ልጅቱ በመስኮት ወደ ውጭ ታያለች፤ የአጋሮ የመጨረሻው መኪና ሊያመልጣቸው ነው።

«ሲስተር፣ ጀምሪላቸው በቃ» አለችኝ።

«ራጁ ይምጣ።»

ራጁ መጣ። የቱቦው ጫፍ ወደ ልብ መውረዱን ትቶ ወደ አንገት ዞሮ ነበር።