ሽሮፕ ሰጥቼው ትኩሳቱ አልበርድ አለ

ምዕራብ ጎጃም ጤና ጣቢያ ውስጥ ስሠራ ጠዋት ጠዋት የምሰማው ይሄን ነው። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ነው፤ ጋቢና ማንኪያ።

ባለፈው ጥቅምት አንዲት እናት የዓመት ከሁለት ወር ልጅ አዝላ መጣች። ስንፈታው ሹራብ፣ በላዩ ፎጣ፣ በላዩ የአባቱ ጋቢ። ፊቱ በርበሬ መስሏል። ብብቱ ስር ስንለካው 39.6። «ብርድ እንዳይመታው ብዬ እኮ ነው» አለች። እህቴ፣ ልጁ ሙቀቱን የሚያስወጣው በቆዳው ነው፣ በጋቢ ስትጠቀልይው መውጫውን ዘጋሽበት! አንድ ስስ ልብስ ይበቃዋል። በቀዝቃዛ ውሃ ግን አትንከሩት፣ ሲንቀጠቀጥ ይብስበታል። አልኮል መቀባት ክልክል ነው።

«ሽሮፑን ስንት ሰጠሽው?» «በቡና ማንኪያ ግማሽ።» ልጁ 10 ኪሎ ነው። ፓራሲታሞል ለአንድ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም ስለሆነ፣ ጠርሙሱ ላይ «120 ሚሊግራም በ5 ሚሊሊትር» ካለ 5 ሚሊሊትር ያስፈልገዋል፤ እሷ የሰጠችው የዚያን ሲሶ ቢሆን ነው። 250 የሚል ጠርሙስም አለ፣ በዚያ 5 ሚሊሊትር ከሰጣችሁት ደግሞ ከልክ በላይ ነው። ጽሑፉን አንብቡ፣ ከፋርማሲው መለኪያ ወይም ሲሪንጅ ተቀበሉ። በየ6 ሰዓቱ፣ በቀን ከ4 ጊዜ አይበልጥም። አስፕሪን ለልጅ በፍጹም!

ጋቢው ወርዶ፣ በልኩ ወስዶ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ 38.1 ገባና ጡት ያዘ። እናትየው ልትሄድ ተነሳች። ቆይ አልናት። ከጣቱ ደም ወስደን ስናይ ወባ! ለካ ሰሞኑን ብር ሸለቆ ዘመድ ጋ ሰንብተዋል። ኮአርተም የሚባለውን የወባ ኪኒን ለ3 ቀን ጀመረ። ደጋ ብትኖሩም ቆላ ወርዳችሁ ከነበረ ሳንጠይቃችሁ ንገሩን። ልጁ ተሻለው ብላችሁም ኪኒኑን አታቋርጡ።

ትኩሳት ከፈጣን ትንፋሽ ጋር፦ ሳንባ ምች ሊሆን ይችላል። ልጁ ሳያለቅስ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሩ። ከ2 ወር እስከ ዓመት 50፣ ከዓመት እስከ 5 ዓመት 40 ከሞላ ቶሎ አምጡት።

ጡት እምቢ ካለ፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ከፈዘዘ ወይም አንገቱ ከገተረ ሌሊትም ቢሆን ተነሱ።

«ምች ነው» ብላችሁ ዳማ ከሴ እያሻችሁ ሦስት ቀን አትጠብቁ። እንጥል ማስቆረጥ ደግሞ ትኩሳት አያበርድም፤ ያደማል፣ ያመረቅዛል። ደሙ አልቆም ብሎ በእጄ ጨርቅ ይዤ ሪፈር የሸኘሁት ሕፃን አለ።

ከ2 ወር በታች ከሆነና 37.5 ከደረሰ ቤት ውስጥ ምንም አትሞክሩ። ጡት እያጠባችሁ በቀጥታ ኑ።