ማረሚያ ቤት ውስጥ የሱስ አማካሪ ሆናችሁ ስትገቡ

ባሕር ዳር ባለ ማረሚያ ቤት የሱስ አማካሪ ሆኜ መሥራት ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት አልፎኛል። ትምህርቴ የአእምሮ ጤና ነርስ ነው፤ ታራሚውም ዋርድያውም «ሲስተር» ነው የሚለኝ። ሰሞኑን ሁለት ወጣቶች ለዚሁ ሥራ ተመድበው መጡና የማውቀውን በቃል ስነግራቸው ሰነበትኩ። ሌላ ቦታ ለምትጀምሩም ይጠቅም እንደሆነ ብዬ ጻፍኩት።

አዲስ የገባ ሰው ፊታችሁ ሲቀመጥ መጀመሪያ የምትጠይቁት ለምን እንደታሰረ አይደለም። መጨረሻ የጠጣው መቼ እንደሆነ ጠይቁት። ለዓመታት በየቀኑ አረቄ ሲጠጣ የኖረ ሰው ሲታሰር መጠጡም በዚያው ይቋረጣል። ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ እጁ መንቀጥቀጥ፣ ላብ ማጥለቅለቅ፣ እንቅልፍ መጥፋት ይጀምረዋል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት እንደ የሚጥል በሽታ ሊያንዘፈዝፈው ይችላል። ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ደግሞ የሌለ ነገር ማየት፣ ያለበትን ቦታና ቀን መሳት ሊመጣ ይችላል፤ ይሄኛው ሕክምና ካላገኘ ይገድላል። በምክር የሚመለስ ነገር አይደለም።

አንድ ጠዋት የክፍል ተጠሪው ሮጦ መጣና «ሲስተር፣ ሰውየው ሰይጣን ይዞታል፣ ጠበል ይምጣለት» አለኝ። ገብቼ ሳይ አንድ ጎልማሳ ግድግዳ ተደግፎ ከጋቢው ላይ የሆነ ነገር አንድ በአንድ እየለቀመ ይጥላል። ጠጋ ብዬ ምን እንደሚለቅም ስጠይቀው «ጉንዳን ነው እንጂ፣ አይታይሽም?» አለ። ጋቢው ላይ ምንም የለም። ፊቱ በላብ ርሷል፣ ጣቶቹ ይንቀጠቀጣሉ። ከተያዘ ስንተኛ ቀኑ እንደሆነ ስጠይቅ ሦስተኛው ነበር። በዚያው ሰዓት መኪና ተገኝቶ ሆስፒታል ገባ፤ ተረፈ። ጠበል ይምጣለት ያሉትን ሰዎች አልተቆጣኋቸውም። ሲሻለው ጠበሉንም ይጠመቃል አልኳቸው፤ ከሆስፒታል ሲመለስም እነሱው አስጠመቁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሌሊት ተረኛ ዋርድያዎችን በየጊዜው ሰብስቤ ምልክቶቹን አስተምራለሁ፤ ሌሊት የሚያዩት እነሱ ናቸው፣ እኔ ቤቴ ነኝ። ለክሊኒኩ ደግሞ አንድ ነገር አስታውሱ፦ እንዲህ ዓይነት ሰው ግሉኮስ ከመሰቀሉ በፊት ታያሚን፣ ማለትም ቫይታሚን ቢ1፣ ማግኘት አለበት።

ጫት እንዲህ አይገድልም። ያቆመ ሰው ይደክመዋል፣ ይነጫነጫል፣ እንቅልፍ ይጥለዋል፤ ሌሊት ግን ዱካክ ይመጣበታል። ደረቱ ላይ ሰው ተቀምጦ ሲያንቀው ያያል፣ እየጮኸ ይነሳል፣ ክፍሉን ሁሉ ይቀሰቅሳል። ዱካክ መሆኑን፣ በቀናት ውስጥም እየሳሳ እንደሚሄድ አስቀድማችሁ ከነገራችሁት ግማሹ ፍርሃቱ ይለቀዋል። ለጎረቤቶቹም ንገሯቸው፤ ካልሆነ ጠብ ይነሳል።

መጠኑን ስትጠይቁ ሰው በሚያውቀው ስፍር ጠይቁ። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ኦዲት የሚባለው መጠይቅ 10 ጥያቄ አለው፤ ውጤቱ ከ40 ይያዛል፣ 8 እና ከዚያ በላይ ያመጣ ሰው አጠጣጡ ለጉዳት የሚዳርግ ነው ማለት ነው። ጥሩ መጠይቅ ነው፣ ግን «ስንት ስታንዳርድ ድሪንክ ትጠጣለህ?» ብላችሁ የጣና ዳር ዓሣ አጥማጅ ብትጠይቁ ዝም ብሎ ያያችኋል። አረቄውን በመለኪያ፣ ጠላውን በጣሳ፣ ጠጁን በብርሌ፣ ጫቱን በዙርባ ጠይቁትና እናንተ ቀይሩት።

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው ልምጣ።

በሁለተኛው ዓመቴ አንድ ወጣት አምኖኝ «ሲስተር፣ ትናንት ቃምኩ» አለኝ። አምስት ወር አቁሞ ነበር፤ እያፈረ ነው የነገረኝ። ወሩ ሲያልቅ ሪፖርት ስጽፍ ስሙን አልጠቀስኩም፣ «ያገረሸበት አንድ ታራሚ አለ» ብዬ የክፍሉን ቁጥር ብቻ ጨመርኩ። ከዚያ ክፍል እኔ ጋ የሚመጣው እሱ ብቻ መሆኑን አላሰብኩትም። ስሙ ከአመክሮው ዝርዝር ወጣ። ሁለት ወር ሙሉ ማንም ወደ ክፍሌ አልመጣም። ልጁ ግቢ ውስጥ ስንገናኝ እንደ ድሮው ከመቀመጫው ተነስቶ እጅ ይነሳኝ ነበር፤ ከእኔ ጋር ግን ዳግመኛ አልተቀመጠም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ዛሬም ያመኛል።

ስለዚህ ሥራ ሳትጀምሩ ከአስተዳደሩ ጋር በጽሑፍ ተስማሙ፦ ሪፖርታችሁ ላይ የሚወጣው ስንት ሰው እንደመጣና ስንት ጊዜ እንደተሰበሰባችሁ ብቻ ይሁን። ደብተራችሁ የሚቆለፍበት ሳጥን ይኑር፣ ቁልፉ እናንተ ጋ ይደር። ከሰውየው ጋር መጀመሪያ ስትቀመጡ ደግሞ ወሰኑን ንገሩት። እኔ እንዲህ እላለሁ፦ «ቃምኩ፣ ጠጣሁ ብትለኝ ለማንም አልናገርም። ራስህን ወይም ሌላ ሰው ልትጎዳ ካሰብክ ግን ዝም ማለት አልችልም፤ ያኔም መጀመሪያ የምነግረው ላንተ ነው። ደብዳቤ ከተጠየቅኩ ስንት ቀን እንደተገኘህ እጽፋለሁ፣ ሌላ አልጽፍም።» ከማን እንዳገኘው አትጠይቁ፤ ሊነግራችሁ ሲጀምርም አስቁሙት። ፈታሽ አይደላችሁም። ጉዳዩ ገና ቀጠሮ ላይ ያለ ሰው ከሆነ ደግሞ የወንጀሉን ዝርዝር እንዳያወራ ለዩለት፣ ያ ከጠበቃው ጋር የሚወራ ነው።

በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 202 መሠረት ከፍርዱ ሁለት ሦስተኛውን የፈጸመ ታራሚ በአመክሮ ሊፈታ ይችላል፤ ስለዚህ ብዙ ሰው የሚመጣው ደብዳቤ ፈልጎ ነው። አንዳንድ ባልደረቦች በዚህ ይናደዳሉ፣ እኔ አልናደድም። ለወረቀት ብሎ የመጣም ሰው ወንበሩ ላይ ተቀምጧል፤ ከተቀመጠ ማውራት ይቻላል።

ስታወሩ አትስበኩ። «ሱስ መጥፎ ነው» የሚለውን ከእናቱም ከቄሱም ሰምቶታል። እኔን ብዙ የጠቀመኝ ጥያቄ የጾም ነው። «ዐቢይ ጾም ትጾማለህ?» ስለው «እንዴታ!» ይላል። «55ቱን ቀን መጠጥ ትነካለህ?» ስለው ብዙው «ኧረ አልነካም» ይላል። «እንዴት ቻልከው?» ብዬ ዝም እላለሁ። ያኔ ራሱ ይዘረዝረዋል፤ ጓደኞቹን እንደሚርቅ፣ ማታ ቤተ ክርስቲያን እንደሚያመሽ፣ ሚስቱ ሽሮውን ቶሎ እንደምታቀርብለት። ሙስሊሙን ስለ ረመዳን ጠይቁት፤ ሐራራውን እስከ ማግሪብ እንዴት እንዳሳለፈው ይነግራችኋል። የሚለውን በራሱ ቃል ጻፉት። ከእኛ መጽሐፍ የበለጠ የሚሠራለት እሱ ነው።

የቡድን ውይይት ሰዓታችሁን ለቢሮው በሚመች ሰዓት አታድርጉ። እኔ ከምሳ በኋላ ልክ 8 ሰዓት ላይ አደረግኩት፤ ውጭ ቢሆኑ በርጫ የሚጀመርበት ሰዓት ነው፣ ሐራራውም ያኔ ነው የሚነሳው። ከአሥር ሰው አይብለጥ። በሩ ገርበብ ይበል፤ ዋርድያው ያያችሁ፣ ድምፅ ግን እንዳይሰማ ወንበሩን ወደ ውስጥ አርቁት።

ሴቶቹ ክፍል ነገሩ ይለያል። አረቄ አውጥታ፣ ጠላ ጠምቃ ልጆቿን ያሳደገች ሴት «መጠጥ ተይ» ማለት «እንጀራሽን ተይ» ማለት ይሆንባታል። እየቀመሰች ነው የጀመረችው። ለእሷ ስንፈታ ምን ሠርተን እንበላለን የሚለው ከሁሉ ይቀድማል፤ ሽመናም ስፌትም የሚያስተምሩትን ክፍሎች እግራችሁ እስኪነቃ ተመላለሱባቸው።

መፈቻው ሲቀርብ፣ ቢያንስ ከሁለት ወር በፊት፣ የመጀመሪያዋን ቀን በሰዓት በሰዓት አብራችሁ ጻፉ። እ.ኤ.አ. በ2015 የተባበሩት መንግሥታት ያጸደቀው፣ ስለ እስረኞች አያያዝ የሚደነግገው የማንዴላ ደንብ በ24ኛው አንቀጹ የሱስ ሕክምና ከእስር በኋላም እንዳይቋረጥ ይላል፤ መድኃኒት የሚወስድ ካለ የሚቀበለውን ጤና ተቋም አስቀድማችሁ አነጋግሩ። ሰውነቱ መጠጡን እንደረሳ ደጋግማችሁ ንገሩት፦ ድሮ የሚችለው ልክ አሁን ሊገድለው ይችላል።

አንድ የዘጌ ሰው ነበር። ችግሩ ከበሩ እስከ ቤቱ ያለው መንገድ ነበር፤ አጃቢ ጓደኞቹ ባጃጅ ይዘው ይጠብቁታል፣ መጀመሪያ የሚቆሙትም አረቄ ቤት ነው። ወረቀቱ ላይ እንዲህ ጻፍን፦ ጠዋት 3 ሰዓት ታላቅ ወንድሜ በር ላይ። ቁርስ የለም፣ ቁርስ ጀልባ ላይ። ከወደቡ በቀጥታ ዘጌ። ማታ እናቴ ቤት። ስልክ ስለማይኖረው የእኔንና የወንድሙን ቁጥር በቃሉ አስጠናሁት፤ ለሁለት ሳምንት በየቀኑ ወደ ክፍሌ ሲገባ ከሰላምታ በፊት ቁጥሩን ይወጣልኛል። በሦስተኛው ቀን ከወንድሙ ስልክ ደወለ። ቡና እየለቀመ ነበር፤ ማታ ማታ እንደሚከብደው ነገረኝ፣ በማግሥቱም ማታ 1 ሰዓት ላይ እንዲደውል ተቀጣጠርን።